አቀራርቦ መዝራት፤ ጥቅሙና ልኩ

መሬት እንደ ልጅ አይወለድም። ቤተሰብ ሲበዛ የአባት እርሻ ለወንድማማች ይከፋፈላል፤ ዛሬም በአገራችን ከአንድ ሄክታር ያነሰ ማሳ የሚያርሰው ገበሬ ብዙ ነው። ስለዚህ «በዚያው መሬት ላይ የበለጠ እህል እንዴት ይገኛል?» ማለት የእንጀራ ጥያቄ ነው። ከመልሶቹም አንዱ አቀራርቦ መዝራት ነው።

የበቆሎን ነገር እንመልከት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ በአሜሪካ በአንድ ሄክታር የሚቆመው 30,000 ያህል አገዳ፣ የሚገኘውም ምርት 15 ኩንታል ገደማ ነበር። ዛሬ አገዳው ወደ 80,000 ተጠግቷል፤ ምርቱም ከ100 ኩንታል በላይ ሆኗል። ለዚህም ማዳበሪያው ድርሻ አለው። ነገር ግን ዶናልድ ዱቪክ የተባለው የዘር አዳቃይ ሊቅ የድሮውንና የአዲሱን ዘር ጎን ለጎን አስዘርቶ ሲመረምር፣ ሁለቱም ተራርቀው ሲቆሙ አንዱ አገዳ የሚሰጠው ፍሬ እምብዛም እንደማይለያይ ተረዳ። የአዲሱ ዘር ዋና ብልጫው መጨናነቅን መቻሉ ነው። የድሮው ግን ሲጨናነቅ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ አገዳው ቀጥኖ ነፋስ ይጥለዋል፤ ብዙውም ያለ ፍሬ ይቀራል።

ልክን መዘንጋት የሚያመጣውን ጉዳት ቻይና አይታዋለች። በዚያው አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. መንግሥቷ «አንድ ዓይነት ተክል እርስ በርሱ አይሻማም» የሚለውን የሶቪየቱን የሊሴንኮን ትምህርት ተከትሎ፣ ገበሬው እጅግ አጠጋግቶ እንዲተክል አዘዘ። ሕፃናት በእህሉ ዛላ ላይ ቆመው የሚያሳይ ፎቶግራፍም ታተመ፤ ነገሩ ግን ማታለያ ነበር። ቡቃያው አየርና ብርሃን አጥቶ ጠፋ። ከ1959 እስከ 1961 ለደረሰው ታላቅ ረሃብ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ ይህ ትእዛዝ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

በአገራችን ለበቆሎ ከሚመከሩት ርቀቶች አንዱ በመስመርና በመስመር መካከል 75፣ በተክልና በተክል መካከል 25 ሳንቲሜትር ነው፤ ይህም በሄክታር 53,333 አገዳ ይሆናል። ልኩ ሲጠበቅ ቅጠሉ መሬቱን ስለሚያለብስ አረሙ ይታፈናል፤ የአፈሩም እርጥበት በፀሐይ ቶሎ አይደርቅም። በመስመሮቹ መካከል ቦሎቄ የዘራ ገበሬ ደግሞ ከአንድ ማሳ ሁለት እህል ያነሣል፤ ቦሎቄው ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያገኝ በቆሎውን ብዙ አይሻማውም።

ሆኖም ብዙ አፍ ብዙ ይበላልና፣ ፍግ ወይም ማዳበሪያ ሳይጨምሩ ማቀራረብ የልጆችን መሬት መብላት ነው። ዝናብ በሚያጥርበት ቆላም ማራራቅ ይሻላል። እንግዲህ ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር፤ ዘሩ መጨናነቅን ይችላልን? ዝናቡስ ይበቃልን? ለመሬቱስ ምን መለስንለት?