የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚዎች በፕሮፌሽናል ቦክስ መወዳደር ይችላሉን?

በአቦቦ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የተሰጠ የሕዝብ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ



ወደዛሬው ርእስ የመራኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ተማሪዬ ነው። ቁመቱም ክንዱም ረዥም፣ በልጅነቱ በሜዳ ትግል ያደገ፣ ኋላም ቴኳንዶ የተማረ ወጣት ነው። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ተከትሎኝ መጣና በስልኩ ፎቶ የተነሣ ወረቀት አሳየኝ። ባሕር ማዶ በሚካሄድ የቦክስ ግጥሚያ እንዲሰለፍ የሚጋብዝ የውል ረቂቅ ነበር። «መምህር፣ ንጋኑ ከቻለ እኔስ ለምን አልችልም?» አለኝ። በዚያ ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ጎደሎ ነበር። ዛሬ የጎደለውን ለመሙላት እሞክራለሁ። ውድድሮቹ በዓለም ዘንድ የሚታወቁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ዓመታቱን የምጠቅሰው በዚያው ነው።

«ይችላል» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር አዝሏል፤ መፈቀድንም አቅም መኖርንም። ተማሪዬ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነበር የጠየቀኝ፤ አብዛኛው ተመልካችም እንዲሁ ያደርጋል።

የፈቃዱ ጉዳይ ብዙ አያቆየንም። በአሜሪካ የቦክስ ፈቃድ የሚሰጠው የየክፍለ ግዛቱ የስፖርት ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ አመልካቹ ጤነኛ መሆኑንና ግጥሚያው እጅግ ያልተመጣጠነ አለመሆኑን ይመረምራል። የኔቫዳ ኮሚሽን በ2017 አንድም የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ ያላደረገውን አየርላንዳዊ ኮነር ማክግሪገር 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ ካሸነፈው ፍሎይድ ሜይዌዘር ጋር እንዲገጥም ፈቅዷል። ይባስ ብሎ በዚያ ክብደት ሊደረግ ይገባ የነበረውን የ10 አውንስ ጓንት ትቶ ባለ 8 አውንስ እንዲያደርጉ ተስማምቷል። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። ይልቁን ተፋላሚውን የሚያግደው ብዙ ጊዜ የራሱ ድርጅት ውል ነው። ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሳለ እንደ ልቡ ቦክስ መግባት አልቻለም ነበር። በጥር 2023 ከድርጅቱ ተለያይቶ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው መንገዱ የተከፈተለት።

ከባዱ ጥያቄ ሁለተኛው ነው። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሕግ አንድ ነገር ላንሣ፤ እኔ እንደማምነው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነውና።

ከእኛ ወደ ደቡብ፣ በሱሪ ሕዝብ ዘንድ የሚደረገውን የዱላ ግጥሚያ ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችኋል። ዶንጋ የዱላው ስም ነው። ግጥሚያው እጅግ ብርቱ ቢሆንም በሕግ የታጠረ ነው፤ የወደቀን ሰው መምታት ነውር ነው። ቦክስም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ወደ ጥግ ይሄዳል፣ ዳኛውም እስከ 10 ይቆጥራል። በቅይጥ ማርሻል አርት ግን የተቃራኒው መውደቅ የዕድል መከፈት ነው፤ አሸናፊው ተከትሎ ይወርዳል፣ ዳኛው እስኪያስቆመው ድረስም ይመታል። እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው ለ10 ዓመት «ስወድቅም ሲወድቅም ውጊያው ቀጥሏል» ብሎ ሰውነቱን ካሠለጠነ አቋቋሙ፣ የእግሩ ስፋት፣ የእጁ ከፍታ፣ የዓይኑ አቅጣጫ ሁሉ ለዚያ ሕግ የተቀረጸ ነው። ሕጉን መለወጥ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ሰውነቱን መልሶ መቅረጽ ግን ዓመታት ይፈጃል።

ከአቋቋም እንጀምር። በቅይጥ ውጊያ እግሩ ተይዞ እንዳይጣል የሚሠጋ ሰው ሰፋ አድርጎ፣ ደረቱንም ለተቃራኒው ገለጥ አድርጎ ይቆማል። በሜዳ ትግል ያደጋችሁ ይህን ያለ መምህር ታውቁታላችሁ። በቦክስ መድረክ ግን እግር የሚይዝ የለም፤ ገለጥ ያለው ደረትም የተቃራኒ ቡጢ ማረፊያ ይሆናል። ርቀትም እንዲሁ ነው። እርግጫ ባለበት ውጊያ ተፋላሚዎች ተራርቀው ይቆማሉ፣ ጥቃቱም ከሩቅ በዝላይ ይመጣል። ቦክሰኛ ግን በክንድ ርዝመት ውስጥ ይኖራል፤ በዚያች ጠባብ ስፍራ ጭንቅላቱን በጥቂት ጣት ስፋት አዘንብሎ ቡጢ ያሳልፋል፣ ወዲያውም ይመልሳል። ዝቅ ብሎ ማምለጥ በቦክስ የየዕለት ልምምድ ነው። በቅይጥ ውጊያ ዝቅ ያለ ፊት ጉልበት ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ተፋላሚው ይህን ልማድ ሆን ብሎ ከሰውነቱ ያጠፋዋል።

ጓንቱም ትንሽ ነገር አይደለም። የቅይጡ ጓንት 4 አውንስ ያህል ሆኖ ጣቶቹ ክፍት ናቸው፤ የቦክሱ 8 ወይም 10 አውንስ ነው። ትልቁ ጓንት እንደ ጋሻም ያገለግላል፤ ቦክሰኛው ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ በጓንቱ ብዙ ቡጢ ይመክታል። ከትንሹ ጓንት የመጣ ሰው ይህን አያውቅበትም፤ ምክንያቱም በእርሱ ዓለም በጓንቶቹ መካከል ቡጢ ያልፋል።

ጊዜም አለ። የቅይጥ ውጊያ በተለምዶ 3 ዙር ነው፣ ለሻምፒዮንነት ከሆነ 5፤ እያንዳንዱ ዙር 5 ደቂቃ። በድምሩ 15 ወይም 25 ደቂቃ ይሆናል። የቦክስ ሻምፒዮና ለወንዶች 12 ዙር በ3 ደቂቃ፣ 36 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ የደቂቃ ብዛት ብቻ አይደለም። ታጋዩ ድካሙን ለእግሩ፣ ለወገቡና ለጀርባው ያከፋፍላል፤ በመሬት ላይ ትግልም ትከሻው የሚያርፍበት ጊዜ ያገኛል። ቦክሰኛው ግን ሁሉንም በትከሻው ይከፍላል።

የሜይዌዘርና የማክግሪገር ግጥሚያ ይህን እንደ መማሪያ ሰሌዳ ያሳያል። ነሐሴ 26 ቀን 2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ ማክግሪገር በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በርካታ ቡጢ አሳርፎ ብዙ ሰው አስደነቀ። ሜይዌዘር ታገሠ፤ ጓንቱን ከፍ አድርጎ ወደፊት እየተራመደ የተቃራኒውን ጉልበት አስጨረሰ። በ10ኛው ዙር ማክግሪገር እጁን ማንሣት ሲያቅተው ዳኛው አስቆመ። በቆጠራው መሠረት ማክግሪገር 430 ሰንዝሮ 111 አሳረፈ፤ ሜይዌዘር 320 ሰንዝሮ 170። በእኔ ግምት ከነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ዋናው 430 ነው። ብዙ የሰነዘረው የተሸነፈው ነው፤ የሳተ ቡጢ ካረፈ ቡጢ ይልቅ ያደክማልና።

አሁን ወደ ንጋኑ ልምጣ፤ ተማሪዬም የጠራው እርሱን ነው። ባቲዬ በምትባል የካሜሩን መንደር ተወልዶ በልጅነቱ አሸዋ በሚወጣበት ስፍራ በጉልበት ሥራ ያደገ ሰው ነው። ወደ ፓሪስ የሄደው ቦክሰኛ ልሁን ብሎ ነው፤ ወደ ቅይጥ ማርሻል አርት የገባው እዚያ አሠልጣኞች መክረውት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጥቅምት 28 ቀን 2023 ሪያድ ውስጥ ከእንግሊዛዊው ታይሰን ፉሪ ጋር 10 ዙር ገጠመ። በ3ኛው ዙር ፉሪን በግራ ሁክ ጣለው። ዓለም ተደነቀ፤ እኔም ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ። በመጨረሻ ሁለት ዳኞች 96 ለ93ና 95 ለ94 ለፉሪ ሰጡ፤ ሦስተኛው 95 ለ94 ለንጋኑ። በአንድ ዳኛ ድምፅ ነው የተሸነፈው።

ወጣቶቻችን የሚያስታውሱት ይህን ሌሊት ነው። ከአራት ወር በኋላ፣ መጋቢት 8 ቀን 2024፣ የሆነውን ብዙዎች አያነሡትም። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የወርቅ ባለቤት የነበረው አንቶኒ ጆሽዋ ንጋኑን በዚያው በሪያድ ሦስት ጊዜ ጥሎ በ2ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። የሰውየው ጉልበት አልቀነሰም፤ ፉሪ ግን ባልተዘጋጀ ሰውነት ንቆት ገብቶ ነበር፣ ጆሽዋ ደግሞ የፉሪን ግጥሚያ አይቶ ተዘጋጅቶ መጣ። ድንገቴ አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው።

በተቃራኒው የተሳካላቸውስ? አሉ። ብራዚላዊው አንደርሰን ሲልቫ በሰኔ 2021 በ46 ዓመቱ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ጁኒየርን ሜክሲኮ ውስጥ በነጥብ አሸንፏል። ነገር ግን ሲልቫ ቀደም ብሎ ሁለት የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ ነበረው፤ ቻቬዝም ያኔ የደከመ፣ የተስማሙበትን ክብደት እንኳ ያልጠበቀ ሰው ነበር። ናይጄሪያ የተወለደው እስራኤል አዴሳንያም ዩኤፍሲ ከመግባቱ በፊት ኒውዚላንድ ውስጥ 6 ጊዜ በቦክስ ተወዳድሮ 5 አሸንፏል። የቀድሞው የዩኤፍሲ ሻምፒዮን ታይረን ዉድሊ በበኩሉ በ2021 ከዩቲዩብ በመጣው ጄክ ፖል ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ ሁለተኛው በዝረራ ነበር። ዉድሊ ከመሠረቱ ታጋይ ነው። እንግዲህ ልዩነቱን የሚወስነው ሰውየው ወደ ቅይጥ ውጊያ ከመግባቱ በፊትና በኋላ ለቦክስ የሰጠው ጊዜ ነው። የሻምፒዮንነት ቀበቶው ይህን አይነግራችሁም።

መንገዱ በተቃራኒውም ያው ነው። ብዙ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ቦክሰኛ ጄምስ ቶኒ በ2010 ቦስተን ላይ ወደ ቅይጥ ውጊያ ገብቶ በታጋዩ ራንዲ ኩቱር ገና ከመጀመሩ መሬት ወረደ፤ በመጀመሪያው ዙር ታንቆ እጅ ሰጠ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በአገራችን ትግል ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ሆኖ በአገር አቀፍ ውድድር ይካሄዳል። በአቦቦ የአኝዋክ ልጆችና በሰፈራ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በአንድ ሜዳ ሲታገሉ ታያላችሁ። ቴኳንዶም በየከተማው ተስፋፍቷል፤ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮው ኦሊምፒክ በዚሁ ስፖርት አገራችንን ወክሏል። በቦክስ ግን ያለን በአብዛኛው የአማተር ቦክስ ነው፤ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቻችንም ሁሉ ከአትሌቲክስ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ ከእኛ አካባቢ የሚነሣ ጎበዝ ታጋይ ወይም ረጋጭ መኖሩ ቀላል ነው፤ በፕሮፌሽናል ሕግ ለ36 ደቂቃ የሠለጠነ ቦክሰኛ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ወኪሎች ይህን ያውቃሉ። የሚፈልጉት አንዳንድ ጊዜ ጥሩ ተወዳዳሪን ሳይሆን ለደንበኛቸው የድል መዝገብ የሚሆን ተሸናፊን ነው።

የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በተደጋጋሚ የሚመቱ ቦክሰኞች አእምሮ እንደሚጎዳ የጻፈው በ1928 ነው። በኅዳር 1982 ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ላስ ቬጋስ ላይ በ14ኛው ዙር ወድቆ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። የ15 ዙር ግጥሚያ ወደ 12 የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ትልቁ ጓንት የሚጠብቀው በዋናነት የመቺውን እጅ ነው። የተመታው ሰው በ10 ቆጠራ ተነሥቶ ተጨማሪ ምት እንዲቀበል ሕጉ ዕድል ይሰጠዋል፤ መመከቻውን ያልተማረ ሰው ይህን ዕድል ደጋግሞ ይጠቀምበታል።

ለተማሪዬ ያልኩት ይህ ነበር፤ እርግጫውን ትተህ ቢያንስ አንድ ዓመት ቦክስ ብቻ ሥራ፣ በአማተር ግጥሚያ ተመዘን፣ የራስህን ምርመራ ውጤት በእጅህ ያዝ። ከዚያ ወረቀቱን አብረን አነበብነው። የሚከፈለው ገንዘብ በጉልህ ተጽፎ ነበር። የተጋጣሚው ስም፣ የዙሩ ብዛት፣ ግጥሚያው የሚደረግበት ክብደትና ቢጎዳ የሚያሳክመው ማን እንደሆነ ግን በየትኛውም ገጽ አልነበረም። ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተና ዝም አለ። ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እያዳመጠኝ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ እርሱ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።