ያገለገለ አርቪ ገዝቶ መኖር፦ ከመኪናው በፊት ቦታው

አሜሪካ ያለ ዘመድ ስልክ ሲደውል ስለ ቤት ኪራይ ሳያማርር አይዘጋም። ኪራዩን ለመሸሽ ያገለገለ አርቪ ገዝተው፣ አንድ ቦታ አቁመው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው ተሽከርካሪ ነው። ቲክቶክ ላይ ሲታይ "ግዛና ከኪራይ ተገላገል" ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። እዚያ ላላችሁም፣ ለመሄድ ለምታስቡም ዋና ዋናውን እንንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ቦታ

ብዙው ሰው መኪናውን ይገዛና ከዚያ ማቆሚያ ይፈልጋል። ገንዘብ የሚበላውም ይሄ ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በራስ ግቢ ውስጥ እንኳን አርቪ አቁሞ በቋሚነት መኖር ክልክል ነው። ምክንያቱም አርቪ የሚታየው እንደ መዝናኛ ተሽከርካሪ እንጂ እንደ መኖሪያ ቤት አይደለም።

መንገድ ዳርስ? ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን ሲያትልን እንውሰድ። እዚያ መኪና በአንድ ቦታ ከ72 ሰዓት በላይ መንገድ ላይ መቆም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በመኪናው ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው በዚህ ደንብ መኪናው ተጎተተበት፤ ከ500 ዶላር በላይ ክፈል ተባለ። ጉዳዩ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ተፈረደለት። ፍርድ ቤቱ መኪናው መኖሪያው እንደሆነ፣ የተጠየቀው ገንዘብም ከአቅሙ አንጻር እንደበዛ ወሰነ። አሸነፈ፣ ግን ወደ አምስት ዓመት ፈጀ።

ስለዚህ የሚሻለው አርቪ ፓርክ ነው። ውሃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር አለው፤ ኪራዩ በወር ይከፈላል። ግን ብዙ ፓርኮች ከ10 ዓመት በላይ የሆነው አርቪ አያስገቡም። በርካሽ የተገዛው አሮጌ ከበር ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ሳትገዙ በፊት ደውሉ፤ ዓመቱንም፣ ለረጅም ጊዜ መኖር ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቁ።

2. ሞተር ለምን?

የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሞተር ላለው መክፈል ትርፉ ድካም ነው። ሳይነዳ የቆመ ሞተር ራሱ ይበላሻል። በሌላ መኪና የሚጎተተው ዓይነት ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

3. ስታዩ ውሃን ፈልጉ

የአሮጌ አርቪ ትልቁ ጠላት ከጣሪያ የሚገባ ውሃ ነው። ወለሉን እየረገጣችሁ ሂዱ፤ የግድግዳውን ጥግ በእጅ ተጫኑ። ከሰመጠ ውስጡ በስብሷል። ሻጋታ ከሸተታችሁ ወይም ጣሪያው ላይ ቡናማ እድፍ ካያችሁ ተዉት። የባለቤትነት ወረቀቱ በሻጩ ስም መሆኑን፣ ቁጥሩም ተሽከርካሪው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ጊዜው ካለፈበት ቀይሩት፤ ይሄ የነፍስ ጉዳይ ነው።

4. ከገባችሁ በኋላ

የሽንት ቤቱን ታንክ ማፍሰሻ ሁልጊዜ ክፍት አትተዉት። ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ተከምሮ ይዘጋዋል። ዘግታችሁ አቆዩ፤ ሊሞላ ሲል በአንዴ ልቀቁት። ክረምት ላይ ደግሞ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቱቦው በረዶ ይሠራል። ቱቦውን መሸፈን፣ ከሥሩ ንፋስ እንዳይገባ መከለል የግድ ነው። የማሞቂያው ጋዝም ወጪ ነው።

እና ያዋጣል?

ለአንዳንዱ ያዋጣል። ግን የመኪናውን ዋጋ ብቻ አትዩ። የቦታ ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ደምሩና ከሰው ጋር ተጋርታችሁ አንድ ክፍል ብትከራዩ ከምታወጡት ጋር አነጻጽሩ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ አርቪ በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል። ቁጠባችሁን በሙሉ እሱ ላይ ካፈሰሳችሁ ስትሸጡት አይመለስም።

ቦታ በጽሑፍ ሳትይዙ ቀብድ አትክፈሉ። ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ካላችሁ ላኩለት።