ሞግዚት ለመቅጠርና ለማቆየት፦ በመጀመሪያው ቀን ሊነገር የሚገባው

በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ፣ እናትና አባት ከቤት ውጭ ሲሠሩ ልጃቸውን ለሞግዚት አደራ ይሰጣሉ። ሞግዚቷ በድንገት ስትሄድ እናት ከሥራዋ ትቀራለች፤ ሕፃኑም ከለመደው ሰው ይለያል። በሌላ በኩል፣ ደመወዟ «ተጠራቅሞ ይሰጥሻል» የተባለች ወጣት ባዶ እጇን ወደ ወላጆቿ የምትመለስበት አጋጣሚ አለ። የሁለቱም ጉዳት መነሻ ብዙ ጊዜ በቅጥሩ ዕለት በግልጽ ሳይነገር የቀረ ጉዳይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ለማግኘት ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር አይሸፍንም። በመሆኑም ለፋብሪካ ወይም ለእርሻ ድርጅት ሠራተኛ የተደነገገው የሥራ ሰዓትና የዓመት ፈቃድ ለሞግዚት በቀጥታ አይሠራም። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2601፣ አሠሪው አብራው የምትኖረው ሠራተኛ መኝታ፣ ምግብ፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜ ጤንነቷንና ሞራሏን የሚጠብቅ እንዲሆን ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ዝርዝሩን የሚወስነው ግን የሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው።

ከቅጥር በፊት

ቀጣሪው መታወቂያዋን ማየት፣ ተያዥ መጠየቅና ዕድሜዋን ማረጋገጥ ይገባዋል። አዋጁ ለሚሸፍናቸው ሠራተኞች ዝቅተኛው የቅጥር ዕድሜ 15 ዓመት ነው፤ ለቤትም ጥሩ መለኪያ ይሆናል። ውሉ በሁለት ቅጂ ተጽፎ በምስክሮች ፊት ቢፈረም ይመረጣል። ወርኃዊ ደመወዙን፣ የክፍያውን ቀን፣ የሳምንት ዕረፍቱን፣ ሥራው ልጅ መጠበቅ ብቻ ነው ወይስ ማጠብና ማብሰልንም ይጨምራል የሚለውን፣ እንዲሁም ስንብት ሲኖር የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ መያዝ አለበት። ማንበብ ለማትችል ወጣት በምትረዳው ቋንቋ ይነበብላት።

እንድትቆይ

ደላላ ከእያንዳንዱ ቅጥር ኮሚሽን ያገኛል፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ ቤት በቀየረች ቁጥር ተጠቃሚው እርሱ ነው። ለዚህ ማባበያ ዋነኛው መከላከያ ደመወዟን በየወሩ በቀኑ በእጇ ወይም በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ መክፈል ነው። የተያዘ ደመወዝ ሠራተኛ አያቆይም፤ እምነት ያሳጣል እንጂ።

የአዋሽ ሸለቆ ሙቀትና የወባ ትንኝም ሊታሰብባቸው ይገባል። ነፋስ የሚገባበት፣ ከውስጥ የሚዘጋ መኝታና አጎበር ለእርሷም ለሕፃኑም ያስፈልጋሉ። ትኩሳት ከተሰማት በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ትድረስ።

ልጃቸውን ወደ ከተማ የሚልኩ አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮችም የቀጣሪውን ስም፣ ስልክና የሚኖርበትን ቀበሌ ሳይዙ አይሸኟት። በደላላ ቃል ብቻ የሄደችን ልጅ፣ ችግር ሲገጥማት የት እንዳለች ማወቅ ይከብዳል።