ለአራስ ልጅ ኮፍያ ለምን?

እህታችሁ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው እንበል። ቦርሳዋ ውስጥ ምን ይግባ? ከሁሉ በፊት ሁለት ደረቅ ፎጣ፣ ኮፍያና ካልሲ። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው።

ሕፃኑ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሆነው ማህፀን እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። አንዱ ፎጣ ለማድረቅ ነው፤ እሱ ስለሚረጥብ ይነሳና በሁለተኛው ይሸፈናል።

ኮፍያውስ? የሲኒ ሻይ ከጀበናው ሻይ ቀድሞ አይቀዘቅዝም? ትንሽ አካልም ከክብደቱ አንፃር ሰፊ ቆዳ ስላለው ቶሎ ይበርደዋል። የአራስ ጭንቅላት ደግሞ የቁመቱን ሩብ ያህላል። እንደኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅም አይሆንለትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሞቂያ ግን አይገዛም፤ የእናት ደረት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የማሞቂያ ማሽን ሲያጥራቸው፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን እናቶቻቸው ደረት ላይ ማቆየት ጀመሩ። ዛሬ «የካንጋሮ እንክብካቤ» ይባላል።

ቤተሰብ «ቶሎ ይታጠብ» ቢል አትቸኩሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 24 ሰዓት ጠብቁ ይላል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ አልጠባም ካለ ግን ጊዜ አትስጡ፤ ደረት ላይ እንደታቀፈ ወደ ጤና ተቋም!