ቺቺኒያ ቤት ለሚከራይ የማርቆስ ልጅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አገኘ ከተባለ ከምርቃቱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የት ሰፈር ልትገባ ነው?» የሚል ነው። 300 ኪሎ ሜትሩንና የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣቱን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የሚፈራው ሰፈሩ ነው። እኔም ሃያ ሁለት አካባቢ፣ በጭፈራ ቤቶቹ ከሚታወቀው ከቺቺኒያ ጀርባ፣ አንዲት ሰርቪስ ቤት መከራየቴን ደውዬ ስነግራት አክስቴ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ልጄ፣ እዚያ ደህና ሰው ይኖራል?» አለችኝ።

ይኖራል። የሚያሳስተው ስሙ ነው። ቺቺኒያ የተባለው የቼችኒያ ጦርነት በየዜናው በሚወራበት ዘመን ነው፤ በቀልድ ተጀምሮ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው ቅያስ ግን እድር አለ፣ ዩኒፎርም ለብሰው የሚሮጡ ልጆች አሉ። የጎረቤቴ እናት ያረፉ ዕለት የእድሩን አግዳሚ ተሸክመው ያመጡት የጭፈራ ቤቱ ጥበቃዎች ነበሩ። በአዝማሪ ቤቶቿ የምትታወቀው ካዛንቺስም ስሟን ያገኘችው ከጭፈራ አይደለም። ቃሉ ከጣልያንኛው «ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ሲሆን ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዕቃቸውን ጭነው የወጡት ጨፋሪዎች አልነበሩም፤ ልጅ አሳድገው ልጅ የዳሩ ቤተሰቦች ናቸው።

«ጩኸቱ ይለመዳል» ያለኝ ደላላው ነው። ቤቱን ያሳየኝ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ግቢው ጭር ብሏል፣ አንዲት ሴትዮ ስንዴ ታሰጣለች፤ ማርቆስ ያለሁ መሰለኝ። ያውም ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። በጾም ብዙዎቹ ጭፈራ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ያልተዘጉትም ይቀዘቅዛሉ፤ በሁዳዴ የተከራየ ሰው እንግዲህ ጎረቤቱን የሚያውቀው በፋሲካ ነው። እኔም ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ይርገበገባል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ምስማሩ በላላበት በኩል ይንዘፈዘፋል።

በርና መስኮት ስዘጋ ዘፋኙ ውጭ ቀረ፣ ከበሮው ግን ገባ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ይመልሰዋል፤ ወፍራሙ፣ ቤዝ የሚባለው፣ ግድግዳውን ራሱን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ጭቃ ቤትና ቆርቆሮ ይቅርና ብሎኬትም በደንብ አይመክተውም። መለመዱም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። ሰው ከጊዜ በኋላ መባነኑን ያቆማል፤ ጆሮ ግን በእንቅልፍም አይዘጋም፣ ልብም ድምፅ በሰማ ቁጥር ምቱን ይጨምራል። ጠዋት «ደህና ተኝቻለሁ» እያለ ቢሮ የሚያዛጋው ለዚህ ነው። በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ በመኖሪያ ሰፈር የሌሊት ድምፅ ጣሪያው 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲያወጉ የሚሰማው እንኳ 60 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ቤት የሚታየው ጠዋት ሳይሆን ዓርብ ወይም ቅዳሜ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው፤ ደላላው ቢነጫነጭም። ርቀትም ይረዳል፦ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ሁለት ግቢ ወደ ውስጥ መግባት ከወፍራም መጋረጃ ይሻላል።

ስለ ገንዘቡ የሚወራውም ብዙ ነው። «ሰፈሩ ተፈላጊ ስለሆነ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ ቤት የለም፤ ቤቱ የሰውየው ነው፣ ሲያሰኘው ይጨምራል፣ ሲያሰኘው ያስወጣሃል» ይባላል። እኔ በተከራየሁበት ጊዜ ነገሩ በእርግጥ ከዚያ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ሦስት ወር ከፍዬ፣ በቃል ተስማምቼ ነው የገባሁት። መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ሌላ ነው የሚለው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ብቻ ነው። ሕጉን ሸሽቶ «በወረቀት ትንሽ እንጻፍ፣ የቀረውን በእጅ ስጠኝ» የሚል አከራይ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ልመና የተቀበለ ተከራይ ነገ ቢካሰስ በእጁ ያለው ወረቀት የሚመሰክረው ለትንሿ ብር ብቻ ነው።

የመጨረሻው ተረት የአክስቴ ነው፤ እዚያ የሚኖር ሁሉ ሲጨፍር ያድራል የሚለው። አከራዬ እማማ የግቢውን ብረት በር የሚቆልፉት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ቁልፍ ለማንም አይሰጡም፤ ያመሸ ሰው ጥሩምባ ቢነፋም አይከፍቱም። አንድ ቀን አክስቴ ደውላ ስንት ሰዓት እንደምገባ ስትጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኳት።

«ሦስት ሰዓት?» አለችና ሳቀች። «እኛ እንኳ እዚህ ቡና ይዘን አራት ሰዓት ድረስ እንጫወታለን!»