የኢንክጄት ሄድ በሴኮንድ ስንት ጠብታ ይተፋል?

ጎሮ ላይ ባነር የሚያትም ማሽን ሄዱን በሴኮንድ 1 ሜትር እያንቀሳቀሰ፣ በአንድ ዙር በኢንች 600 ነጥብ እንዲያሳርፍ ቢፈለግ፣ እያንዳንዱ ኖዝል በሴኮንድ 23,600 ያህል ጠብታ መትፋት አለበት። በሁለት ጠብታዎች መካከል የሚቀረው ጊዜ 42 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ነው።

ፒዞው ቀለሙን ሲገፋ በቦዩ ውስጥ የሚነሣው የግፊት ሞገድ በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ላይበርድ ይችላል። ቀጣዩ ጠብታ የሚወጣው በቀሪው ሞገድ ላይ ነው፤ ሞገዱ ሲያግዘው ይፈጥናል፣ ሲቃረነው ይዘገያል። ስለዚህ የሄዱን ዐቅም ለማወቅ ድግግሞሹን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረጉ የጠብታውን ፍጥነት መመዝገብ ያስፈልጋል።

ለዚህም ከፒዞው ምት ጋር የተቀናጀ ብልጭታና ካሜራ ያገለግላል። በ20 ማይክሮ ሴኮንድ ልዩነት በተነሡ ሁለት ምስሎች መካከል ጠብታው 120 ማይክሮ ሜትር ቢጓዝ፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 6 ሜትር ነው። ዘዴው ግን አታላይ ጎን አለው። አንዱ ምስል የብዙ ጠብታዎች ድርብርብ በመሆኑ፣ አልፎ አልፎ ሳይወጣ የሚቀር ጠብታ ሳይታወቅ ያልፋል። አንዲት ጠብታ ብቻ የሚያነሣ ብርቱ ብልጭታ ካልተገኘ፣ በታወቀ ጊዜ የተተፋውን ቀለም መመዘን ጉድለቱን ያጋልጣል።

የአዲስ አበባ ከፍታም በልኬቱ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ በቆላ የታሸገ ቀለም የሟሟ አየሩን እዚህ በቀላሉ ይለቃል። በቦዩ የተፈጠረ አረፋ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ኖዝሉም ይቆማል። አረፋው እስኪያድግ ጊዜ ስለሚወስድ የጥቂት ሴኮንዶች ልኬት አያሳየውም።