ለቤተ ሰብ የምትስማማ የኤሌክትሪክ መኪና

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ፣ መኪና ለመግዛት ያሰበ ቤተ ሰብ ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪኳ መኪና መልሷል። ከዚህም ወገን ክሮስኦቨር የምትባለው፣ ይኸውም ከተራዋ የከተማ መኪና ከፍ፣ ከትልቋ የገጠር መኪና ዝቅ ያለችው፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በርክታ ትታያለች።

ዳሩ ግን ለብዙው ቤት መኪና ማለት የዓመታት ቍጠባ ነው። በአዲስ አበባ እየሠራ ወላጆቹ በሰቆጣ ወይም በኒሯቅ ያሉበት ሰው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ብቻ ሳይሆን፣ ለበዓል አባት እናቱን ለመጠየቅም ያስባታል። ስለዚህ መኪናይቱን ለኑሮ የተመቸች የሚያሰኛት የቀለሟ ማማር ሳይሆን፣ ለቤቱ ሌሊት፣ ለቤቱ ሰውና ለቤቱ መንገድ መስማማቷ ነው እንላለን።

አንደኛው የሌሊቱ ነገር ነው። ለነዳጅ ተራ መጠበቅ ቀርቶ፣ ቤተ ሰቡ ተኝቶ ሳለ መኪናይቱ በደጅ ኃይል ትሞላለች። ባለ220 ቮልት የቤት ሶኬት 10 አምፔር ቢሰጥ፣ ከማታ እስከ ንጋት በዐሥር ሰዓት ጊዜ ውስጥ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ይህም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚያስኬድ ለከተማ ውሎ ይበቃል። ነገር ግን የእንጀራ ምጣድ በሚሠራበት መስመር ላይ መኪናይቱን መጨመር አይገባም፤ ሁለቱ አብረው ሽቦውን ያግላሉና። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት በባለሙያ ይዘርጋ። ተከራይ የሆነም ሰው ስለ ቆጣሪው ሂሳብ ከአከራዩ ጋር አስቀድሞ ይስማማ።

ሁለተኛው የሰዉ ነገር ነው። መቀመጫዋ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ጕልበቱ የደከመ ሽማግሌ ዝቅ ብሎ ሳይወድቅ፣ ሽቅብም ሳይንጠላጠል ይቀመጣል። ባትሪው ከወለሉ በታች ስለ ተዘረጋ፣ በብዙዎቹ ዓይነቶች የውስጡ ወለል ሜዳ ነው፤ በመካከል የሚቀመጥ ልጅም እግሩን ያሳርፋል። ይሁን እንጂ ሻጩ በተናገረው ከመርካት፣ የቤቱን አረጋዊ ይዞ ሄዶ ሲገቡና ሲወጡ ማየት ይሻላል። ከቻይና የመጡት ብዙዎቹ ጽሑፋቸው በቻይንኛ ስለ ሆነ፣ የማስጠንቀቂያው ቃል የቤቱ ሰው በሚያነብበው ቋንቋ መለወጡ ይረጋገጥ። የቻይናውና የአውሮፓው የኃይል መሙያ መሰኪያ የተለያየ መሆኑም አይዘንጋ።

ሦስተኛው የመንገዱ ነገር ነው። 2,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ፣ ለከፍታው ብቻ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ታጠፋለች። ስትወርድ ግን ሞተሯ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከዚህ መልካም ድርሻ ለባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑንም ከመጋል ያድናል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን ለሚመለሰው ኃይል ስፍራ የለውም። ስለዚህ ከሰቆጣ ወደ ኒሯቅ ቍልቍል የሚወርድ ሰው ባትሪውን እስከ አፉ ሳይሞላ ቢነሣ ይጠቀማል። ባትሪውን ድንጋይ እንዳይመታውም የመኪናይቱ ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ ሰውና ዕቃ ተጭኖ ይለካ። ብዙዎቹ ስኮርታ ጎማ የላቸውምና እርሱንም ከክሪኩ ጋር ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል።

የሚነገረውም ርቀት በጥንቃቄ ይታይ። በውጭ አገር አቶ 3 የምትባለው የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ፣ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል በሚይዘው ባትሪዋ በቻይና አለካክ 510፣ በአውሮፓ አለካክ 420 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። በዳገትና በኮረኮንች፣ ጭነት ይዛ ስትጓዝ ግን 300 ብሎ ማሰብ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣልና፣ በቤት ሶኬት ብቻ የሚታመን ሰው በመንገድ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ማደር ይኖርበታል። እንግዲህ በፍጥነት የሚሞላ ጣቢያ የት የት እንዳለና ከእርሱ መኪና መሰኪያ ጋር መስማማቱን ሳይጠይቅ ለበዓል እመጣለሁ ብሎ ለወላጆቹ አይላክ።

አንዳንዶቹ መኪናዎች ደግሞ ከባትሪያቸው 220 ቮልት ወደ ውጭ ስለሚሰጡ፣ መብራት ሲጠፋ አምፑልና ስልክ ያገለግላሉ። በጦርነቱ ዓመታት ረዥም ጊዜ ያለ መብራት የቆየው የዋግ ኽምራ ሕዝብ የዚህን ዋጋ ያውቃል። ነገር ግን መስመሩ ከተቋረጠ መኪናይቱም የምትሞላበት የላትም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራው የተከዜ ግድብ ሐይቁ እስከ አበርገሌ ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ የኃይል ምንጭ በአጠገብ መኖሩ ብቻ ሶኬቱን ሕያው አያደርገውም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ ውሎው በከተማ ለሆነና የራሱ ሶኬት ላለው ቤት ይህች መኪና መልካም አገልጋይ ናት። አገር ቤት ለመመላለስ የሚገዛት ግን፣ ከዋጋዋ አስቀድሞ የመንገዱን ሶኬት ይቍጠር።